በመጀመሪያው ወሊድ ብዙ ደም ፈስሶኝ ነበር፤ አሁን 31 ሳምንቴ ነው

ሁለተኛዬ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ከ4 ዓመት በፊት ነው። ምጡ 22 ሰዓት ፈጀ። መጨረሻ አካባቢ አልገፋ ሲል የምጥ መድኃኒት በግሉኮስ አድርገው አንጠባጠቡልኝ። ልጁ 4 ኪሎ ከ100 ግራም ነበር። ሲወጣ ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ሄደ። የእኔም ዓይን እሱ ላይ ነበር። አለቀሰ፣ ሳቅን፣ ተመዘነ።

ከዚያ ከስሬ ሙቅ ነገር ተሰማኝ። ሽንት ያመለጠኝ ነው የመሰለኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ዝም ያልኩት አፍሬ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ብርድ ብርድ አለኝ። ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ብርድ ልብስ ደረቡልኝ። (ኋላ ሳስበው ነገሩን የሸፈነው ያ ብርድ ልብስ ነው።) ጆሮዬ ጭው አለ። የሚያወሩት ሁሉ ከሌላ ክፍል የሚመጣ መሰለኝ። አንዷ አዋላጅ ልጁን ልታስታቅፈኝ መጥታ ፊቴን አየችና መልሳ ለሌላ ሰው ሰጠችው። ብርድ ልብሱን ገለጠች። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሆዴን በጡጫ የሚደቁሰኝ ሰው እንደነበረና «ጥሩት፣ ቶሎ ጥሩት» የሚል ድምፅ ብቻ ነው።

2 ከረጢት ደም ተሰጠኝ። በማግስቱ ሄሞግሎቢኔ (ደም ማነስ የሚለካበት ቁጥር) 6.8 ነበር። ስንት እንደፈሰሰኝ፣ ለምን እንደፈሰሰኝ የነገረኝ የለም። እኔም አልጠየቅኩም። ተርፌያለሁ፣ ልጄን ታቅፌ ወጣሁ፣ በቃ።

አሁን 31 ሳምንቴ ነው። ሄሞግሎቢኔ 10.4። ለሐኪሙ ነገሩን ሳነሳበት «እሱን ያኔ እናየዋለን፣ አትጨነቂ» አለኝና የሚቀጥለውን ታካሚ ጠራ። አትጨነቂ ሲሉኝ ደግሞ ይብስብኛል።

ይደገማል ወይ? በቀዶ ጥገና ብወልድ ይሻለኛል? ለሚያዋልዱኝ ሰዎችስ ምን ብዬ ነው የምነግራቸው?


አዋላጅ ነኝ፦

እህቴ፣ 14 ዓመት አዋልጃለሁ። ሐኪምሽን አልተካም። እሱ የዘለለውን ግን ልንገርሽ።

ከምትፈሪው ልጀምር። አንዴ የፈሰሳት ሴት በቀጣዩ ወሊድም የመፍሰስ ዕድሏ ከሌላው ከፍ ይላል። ከ100 ሴቶች ከ10 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ይደገማል። በቀሪዎቹ አይደገምም። ስለዚህ አይቀርልሽም ማለት አይደለም፤ ግን ተዘጋጅቶ መጠበቅ አለበት።

ምን እንደሆነ ካወቅሽው ፍርሃቱ ትንሽ ይቀንሳል። እንግዴ ልጁ ሲላቀቅ ተጣብቆበት የነበረው ቦታ ሰፊ ቁስል ሆኖ ይቀራል። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማህፀን በየደቂቃው ከ500 እስከ 700 ሚሊ ሊትር ደም ይሄዳል። በየደቂቃው! ያንን የሚያቆመው በዋናነት ጡንቻው ራሱ ነው። የማህፀን ጡንቻ የደም ሥሮቹን ዙሪያቸውን ጠላልፎ ይዟቸዋል። ሲኮማተር እንደ ሸምቀቆ ያንቃቸዋል። ካልተኮማተረ ቧንቧው ክፍት ነው።

በእጅ ይታወቃል። በደንብ የተኮማተረ ማህፀን ከእምብርት ዝቅ ብሎ እንደ ግንባርሽ ጠንካራ ነው። የላላው ሊጥ ነው። ጣትሽ ይሰምጣል፣ ጫፉን ፈልገሽ ታጪዋለሽ። እንደዚያ ሆኖ ሳገኘው እስከ ዛሬም ድረስ ልቤ ይመታል። ሆድሽን በጡጫ የደቆሰሽ ሰው ማህፀንሽን እያሸ ነበር። ያማል፣ አውቃለሁ። ስለ እሷ ይቅርታ እጠይቅሻለሁ፤ ግን እንኳን አሸችሽ።

ደም ከሚፈሳቸው 10 ሴቶች በ7ቱ ገደማ ምክንያቱ ይኸው መላላት ነው። ሌላው የማህፀን በር ወይም የብልት መቀደድ፣ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ ውስጥ መቅረት፣ አልፎ አልፎ ደግሞ ደሙ ራሱ አልረጋም ማለቱ ነው። ያንቺን ታሪክ ሳነብ 22 ሰዓት ምጥ፣ በመድኃኒት የተገፋ ምጥ፣ 4 ኪሎ ከ100 ግራም ልጅ አለ። ሦስቱም ማህፀንን ያደክማሉ። ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም የዋለ ሰው በመጨረሻ «ጨብጥ» ሲሉት ጣቱ እምቢ እንደሚለው ነው። መንታ፣ የበዛ የእንሽርት ውሃ፣ በምጥ ጊዜ የማህፀን ኢንፌክሽን፣ የማህፀን እጢ፣ ከእርግዝና ጋር የመጣ የደም ግፊት፣ የማህፀን በር ላይ የተቀመጠ እንግዴ ልጅም አደጋውን ይጨምራሉ። ደም ማነስ ደግሞ በሁለት በኩል ነው የሚጎዳሽ። አደጋውንም ከፍ ያደርጋል፣ ሌላዋ የምትቋቋመውን መጠንም ላንቺ ከባድ ያደርገዋል። 10.4ሽ አሁኑኑ ሥራ ይጀመርበት። የብረት ክኒን ስትወስጂ ሰገራሽ ቢጠቁር አትደንግጪ፣ ያለ ነው።

ዝርዝሩ ላይ ግን ብዙ አትመኪ። ከሚፈሳቸው ሴቶች ብዙዎቹ ከዝርዝሩ አንዱም የለባቸውም። አንድ ሌሊት ሦስተኛ ልጇን የምትወልድ ሴት መጣችልኝ። ምጧ 5 ሰዓት፣ ልጁ 3 ኪሎ፣ ሄሞግሎቢኗ 13። እየቀለደችብኝ ነው የወለደችው። እንግዴ ልጁን ገልብጬ አየሁት፣ ምንም አልጎደለም። ወደ ጎረቤት አልጋ ሄጄ 10 ደቂቃ ሳይሞላኝ ተመለስኩ። ሞዴሱን አየሁ፣ እዚህ ግባ የሚባል ደም የለውም። ፊቷ ግን ልክ አልመጣልኝም። እጄን በወገቧ ስር ሳስገባ እስከ አንጓዬ ረጠበ። ደሙ ወደ ፊት አልመጣም፤ በጀርባዋ በኩል ሄዶ ፍራሹ በጎደጎደበት ተጠራቅሟል።

ተርፋለች። እኔ ግን ከዚያ ሌሊት በኋላ ዓይኔን ማመን ትቼ ሞዴሱንም ጨርቁንም በሕፃን ሚዛን መመዘን ጀመርኩ። የደረቁን ክብደት ትቀንሻለሽ። የቀረው 1 ግራም በግርድፉ 1 ሚሊ ሊትር ነው። ባልደረቦቼ ሲስቁብኝ ከረሙ። አሁን ሚዛኑን እየተሻማን ነው።

ቀዶ ጥገና ደም እንዳይፈስሽ ብለሽ ከሆነ ተይው። በቀዶ ጥገና ሲወለድ የሚፈሰው ደም በአብዛኛው ይበልጣል። ጠባሳውም ለቀጣዩ እርግዝና ጣጣ አለው፤ እንግዴ ልጁ እዚያ ጠባሳ ላይ ሥር ሰድዶ ሊጣበቅ ይችላል። ሌላ ምክንያት ካለሽ ከሐኪምሽ ጋር ተነጋገሪበት።

የምትነግሪያቸው ይኸው፦ ደም ፈስሶኝ ነበር፣ ደም ተሰጥቶኛል። ደም ማግኘትና ቀዶ ጥገና መሥራት የሚቻልበት ቦታ ውለጂ። የደም ዓይነትሽ ቀድሞ ይታወቅ። ምጥ ስትገቢ ካኑላ (ደም ሥር ውስጥ የምትቀመጥ ቀጭን ቱቦ) ይተከልልሽ፤ ደም ሥር ከወደቀ በኋላ መፈለግ መከራ ነው። ልጁ እንደወጣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን (ማህፀን የሚያኮማትር መድኃኒት) ይወጋሽ። ይህ ለማንኛዋም ወላድ የሚደረግ ነው፣ ላንቺ ደግሞ ማንም እንዳይረሳው። ሽንትሽን ሽኚ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ወደ ላይ ገፍቶ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። የመጀመሪያዎቹን 2 ሰዓታት ደግሞ በየ15 ደቂቃው ሆድሽን የሚነካ፣ ልብ ምትሽን የሚቆጥር ሰው ይኑር።

ሙቅ ነገር ከስርሽ ከተሰማሽ አትፈሪ፣ አትሸማቀቂ፣ ጩኺ። ሽንት ከሆነ እንጠርገዋለን።


የአምስት እናት፦

እኔ 5 ወልጃለሁ፣ ምንም አልሆንኩም። ሰው ማስፈራራት ጥሩ አይደለም። በሰላም ትገላገያለሽ እህቴ።


አዋላጅ ነኝ፦

አሜን ነው። ስድስተኛ ካሰብሽ ግን ለምታዋልድሽ ሴት ይህንኑ «5 ወልጃለሁ» ንገሪያት። ብዙ ጊዜ መውለድ ራሱ ዝርዝሩ ውስጥ አለ።


አባወራው፦

ወንድ ነኝ፣ ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ። ባሎች ቢያነቡት ብዬ ነው።

ባለቤቴ ስትወልድ ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ልጅቷን አቅፋ ነበር። እኔ ስልኬን ይዤ ፎቶ እየላክሁ «እንኳን ደስ አለህ» እቀበላለሁ። እሷ አዛጋች። ደከማት አልኩ። ደግማ አዛጋች። ስንቴ እንዳዛጋች አላውቅም፣ ስልኬ ላይ ነበርኩ። «ውሃ ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት። «ውሃ» አለች እንደገና፣ ብርጭቆው እጇ ላይ እያለ።

ያኔ ቀና ብዬ አየኋት። ከንፈሯ ከትራሱ ጨርቅ ጋር አንድ ሆኗል። ግንባሯ በላብ ተነክሯል፣ ስነካው ግን በረዶ ነው። ኮሪደር ላይ ወጥቼ ያገኘኋትን ሴት ያዝኩ። «አራስ ናት፣ ደም መፍሰሱ ያለ ነው» አለችኝ። ከእሷ ጋር አልተከራከርኩም። እጇን ይዤ አስገባኋትና ብርድ ልብሱን ገለጥኩት። ከዚያ ሰው ጎረፈ።

ከእንግዴ ልጁ ቁራጭ ቀርቶ ነበር። በማደንዘዣ አወጡላት። ደም የሚያረጋ መድኃኒትም በደም ሥሯ ሰጧት፣ ስሙን ረስቼዋለሁ።

ኋላ ሁለት ጊዜ ያመመኝ አንድ ነገር ነው። ከፎቶዎቹ በአንዱ ላይ ከንፈሯ ነጥቷል። ልኬዋለሁ። ብዙ ሰው «ታምራለች» ብሎልኛል። ማናችንም አላየነውም።

ወንድሞቼ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰዓታት ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ልጁን የሚያይ ሰው ሞልቷል።


አዋላጅ ነኝ፦

የረሳኸው ትራኔግዛሚክ አሲድ ሳይሆን አይቀርም። ብዙ ደም ሲፈስ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ነው የሚጠቅመው፤ ቶሎ በሆነ ቁጥር ይሻላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ትልቁ ጥናት በ21 አገሮች ከ20,000 በላይ ሴቶችን ያየ ነበር፣ በደም መፍሰስ የሚሞቱትን ቀንሷል።

ማዛጋቱን መጥቀስህ ደስ ብሎኛል። ጥማት፣ ማዛጋት፣ መቅበጥበጥ፣ «ልተኛ ተወኝ» ማለት፣ እነዚህን ወረቀት ላይ የሚጽፋቸው የለም። ወጣትና ጤነኛ ሴት የደም ግፊቷን ይዛ ትቆይና በአንዴ ትወድቃለች። ቀድሞ የሚያሳብቅባት የልብ ምቷ ነው። የልብ ምቷ ከላይኛው የግፊት ቁጥር ጋር ሲጠጋ እኔ ሌላ ምልክት አልጠብቅም፣ ሰው እጠራለሁ።


ቀን 11፦

እኔስ ቤቴ ገብቼ ነው። የወለድኩት በሰላም ነው፣ ደሙ ቀልቶ፣ ከዚያ ቡናማ ሆኖ እየቀነሰ ነበር። በ11ኛው ቀን ልጄን እያጠባሁ ድንገት ደማቅ ቀይ ሆኖ ተመለሰ። «የወር አበባሽ ቶሎ መጣ» አሉኝ። እኔም አመንኩ። በ1 ሰዓት አንድ ሞዴስ፣ በቀጣዩም ሰዓት አንድ ሙሉ ሞዴስ። እንቁላል የሚያክል የረጋ ደም ወጣ። ሽታው ተቀይሯል፣ ያንቀጠቅጠኛል።

ኢንፌክሽንና የቀረ ቁራጭ ነበር። ሐኪሟ «ከመጀመሪያው 24 ሰዓት በኋላም እስከ ሳምንታት ድረስ ሊመጣ ይችላል» አለችኝ። ይህን አራስ ቤት ሳልገባ የሚነግረኝ ባገኝ ኖሮ አንድ ሙሉ ሌሊት ሞዴስ እየቀየርኩ አላድርም ነበር። ሁለተኛዬ፣ ሁለቱን ሰዓት ብቻ ሳይሆን ሳምንቶቹንም አስቢያቸው።


ሁለተኛዬ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አባወራው፣ ያንተን ለባለቤቴ አነበብኩለት፤ ስጨርስ ዝም አለ።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። አዋላጅ ነኝ ከጻፈችልኝ በኋላ ያኔ የወለድኩበት ቦታ ሄጄ ፋይሌን አስፈለግኩ። ሁለት ቀን አመላለሱኝ፣ ግን ተገኘ። ማዋለጃው ወረቀት ላይ እንዲህ ይላል፦ «የፈሰሰ ደም 400 ሚሊ ሊትር፤ ችግር አልነበረም»። ገጹን ስገልጠው «2 ዩኒት ደም ተሰጥቷታል»። ስገባ ሄሞግሎቢኔ 11.6 ነበር።

ታዲያ የቱን ልመን? 400 ትንሽ ነው አይደል? ለካ ሳላውቀው አጋንኜ ኖሯል ብዬ ወረቀቱን ይዤ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ።


አዋላጅ ነኝ፦

አላጋነንሽም!

ሲወርድ ሲዋረድ የመጣው መስፈርት 500 ሚሊ ሊትርና ከዚያ በላይ ከፈሰሰ «ብዙ ደም ፈሰሰ» ይባላል የሚል ነው። በወረቀቱ አንቺ አልፈሰሰሽም ማለት ነው። በወረቀቱ! 400 የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ እኔ ልንገርሽ፤ ራሴም ጽፌዋለሁና። ሲነጋ፣ ደክሞሽ፣ ጨርቁ ሁሉ ተጥሎ፣ ወለሉ ተወልውሎ፣ ቅጹ ላይ ባዶ ቦታ አለ። ታስታውሺና ትገምቻለሽ። ዓይን ደግሞ ብዙ ደምን ሁልጊዜ አሳንሶ ነው የሚያየው። በጨርቅ የተጠጣ፣ ከእንሽርት ውሃ ጋር የተቀላቀለ፣ ባልዲ ውስጥ ያለ ደም ማን ይለካዋል?

ደምሽ ግን አይዋሽም። በእርግዝና መጨረሻ ሰውነትሽ ውስጥ ወደ 6 ሊትር ገደማ ደም አለ። ከዚያ 400 ሚሊ ሊትር ቢጎድል ሄሞግሎቢን ከ11.6 ወደ 6.8 አይወርድም፤ ያውም 2 ከረጢት ከወሰድሽ በኋላ። ከሊትር በላይ ነው የፈሰሰሽ።

ለዚህ ነው አሁን ነገሩ የተቀየረው። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት አለ፣ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ 80 ሆስፒታሎች ውስጥ የተሠራ። ከወላዷ ስር ሚሊ ሊትሩ የተጻፈበት የፕላስቲክ ከረጢት አነጠፉ፤ ደሙን በዓይን መገመት ቀርቶ ማንበብ ሆነ። ገደቡን ሲያልፍ ማሸቱን፣ ኦክሲቶሲኑን፣ ትራኔግዛሚክ አሲዱን፣ በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ፣ ምርመራውን አንዱን ሞክሮ ሌላውን ከመጠበቅ ይልቅ ሁሉንም በአንድ ላይ ጀመሩ። ከባዱ ደም መፍሰስና ተያያዥ ጣጣው በ60 በመቶ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት 500 እስኪሞላ አትጠብቁ አለ፤ 300 ሚሊ ሊትር ላይ የልብ ምት ወይም የደም ግፊት ከተዛባ ጀምሩ።

ካርድሽ ላይ 400 የሚለውን ቁጥር እንዳትጽፊ። የተሰጠሽን ደምና ሁለቱን ሄሞግሎቢን ጻፊ። የሚያነብሽ ሰው ደረጃው ላይ ያስቀመጠሽን ጥያቄ በ5 ሰከንድ ይመልሳል።


ሁለተኛዬ፦

34 ሳምንት ሆነኝ፣ ልመለስ ብዬ ነው።

በካርዴ የመጀመሪያ ገጽ አናት ላይ በቀይ እስክሪብቶ ጻፍኩት፦ «በመጀመሪያው ወሊድ ብዙ ደም ፈስሷታል፣ 2 ዩኒት ደም ወስዳለች፣ ሄሞግሎቢን ከ11.6 ወደ 6.8»። ሐኪሙ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ። «ይሄ እስከ ዛሬ የት ነበር?» አለኝ። «ነግሬዎት ነበር» አልኩ። ዝም ብሎ እንደገና አነበበው። ከዚያ ያልጠየቅኩትንም ሁሉ አዘዘልኝ። አልትራሳውንድ ላይ እንግዴ ልጁ ከማህፀን በር የራቀ ነው። ሄሞግሎቢኔ 11.1 ደርሷል። የደም ዓይነቴ ተጽፏል፣ የምወልድበትም ቦታ ደም ያለበት ሆኗል።

ባለቤቴ ብርድ ልብሱን የመግለጥ ሥራ ተሰጥቶታል። ከወዲሁ እየተለማመደ ነው። ትናንት ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሳዛጋ ሰምቶ ገለጠኝ፤ በብርድ ቀሰቀሰኝ።